«የሰው አደራ ይዘዋል?»

አንኮበር፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዘርአ ዳዊት፣

የአንኮበሩ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፤ መውጫ መግቢያህን ይባርክልህ። እኛ አለን። አለን ማለት ብርዱም ኬላውም ገና አልጨረሰንም ማለት ነው።

የእናትህን ሕመም የጻፍክልኝ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ለባና፣ ለብርድ ልብሱ የሚሆን ሱፍ እየፈተልኩ ነበር። እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ። እናትህን አልታየችን በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኳት። እሷ ሰው አገር ሆስፒታል ተኝታ እኔ እዚህ ሱፍ ልፍተል? «ብርሃነሽ ትምጣልኝ፣ የሚካኤልን እምነት ይዛልኝ ትምጣ» አለች ብለህ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ካህኑ የባረካትን ያቺን ቁንጥር አመድ ግንባሯ ላይ እንድቀባት ብቻ ነው የፈለገችው። እቀባታለሁ። በዚህ ምድር ላይ የቀረኝ ሥራ እሱ ነው።

ለቪዛው አሻራ ስጪ ብለውኝ አዲስ አበባ ወርጄ ነበር። መንገዱን ልንገርህ። ጫጫን ሳናልፍ አስወረዱን፤ ወንዱን በአንድ ወገን፣ ሴቱን በአንድ ወገን። አንዱ ወታደር የሽሮ ከረጢቴን ፈቶ እጁን እስከ ክርኑ ከተተበት። «ምን አገኛለሁ ብለህ ነው ልጄ?» አልኩት። «ትእዛዝ ነው እማማ» አለኝ። ትንሽ ሄድን፣ ሌላ ኬላ። ሌላ እጅ ሽሮዬ ውስጥ ገባ። ይኼን ሁሉ እጅ ጠጥቶ የቤቴ ሽሮ ምን ይጣፍጠኛል? ከጎኔ የነበረ ባለ ጥቁር ኮት ግን «ከቢሮ ነኝ» ብሎ አንዲት ካርድ ብልጭ አደረገ፤ ኮቱን የነካ የለም። ካርዷ የምን እንደሆነች እንኳ ያነበበ የለም።

ሽብር እንከላከላለን ይሉናል። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው መንገድ፣ በሁለቱ ኬላ መካከል፣ ሸማኔውን ሠረቀብርሃንን ሽፍቶች ከነተሳፋሪው አውርደው ወስደውታል። የእኔን ሽሮ የበረበረው ወታደር የት ነበር? ሌላ ሽሮ ላይ ነበራ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

አንተም እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራህ ሰው ጫማ ማስወለቅ ነው አሉኝ። የዲያቆን ልጅ! ለመሆኑ ስንት ጫማ አስወልቀህ ስንት ሽፍታ ያዝክ? እሱን ጻፍልኝ።

ቪዛው እንደ ወጣ እመጣለሁ። ለአልታየች ንገራት።

አክስትህ ብርሃነሽ

—

ስቶክሆልም፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ብርሃነሽ፣

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው ወይ? እኔ ከእናቴ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎን ባነበብኩላት ጊዜ ሽሮው ላይ ስትደርስ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ቀጥላ ግን «መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ። ሐኪሞቹ አይቸኩሉም፤ እኔን ግን አክስትህ ቶሎ ብትመጣ ይሻላል ብለውኛል። ይህን እርስዎ ይረዱታል ብዬ አልፋለሁ።

ስለ ሥራዬ የተናገሩትን ተቀብያለሁ። ግን እትዬ፣ እዚህ ያለው ሌላ ነው። እኛ ባለ ኮትም ባለ ነጠላም አንለይም። ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው። አንድ ሰው ጫማው ውስጥ ፈንጂ ይዞ ስለተገኘ ነው ጫማ የምናስወልቀው፤ አንዱ በጠርሙስ ሊያደርገው ስላሰበ ነው ውኃ የምንከለክለው። ስንት ያዝክ ላሉኝ፣ አንድም አልያዝኩም። ያልያዝኩት ስለምንፈትሽ አይመጡም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ለጉዞዎ የሚሆነውን ልንገርዎ፤ እባክዎ በደንብ ያንብቡት። ጠበል በእጅ ሻንጣ አይያዙ፣ ይቀሙዎታል። አውሮፕላን በሚቀይሩበት አገር ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠይቅዎታል፤ አስተርጓሚ በስልክ ያቀርቡልዎታል። ይህን ጥያቄ እኔም ወደ አንዳንድ አገር ለሚሄድ መንገደኛ በየቀኑ የምጠይቀው ስለሆነ አውቀዋለሁ። «ሻንጣውን ራስዎ ነው የከተቱት?» ይላሉ። «አዎ» ይበሉ። «የሰው አደራ ይዘዋል? ለሌላ ሰው አድርሱልኝ ብሎ የሰጠዎት ዕቃ አለ?» ይላሉ። «የለም» ይበሉ። በቃ፤ ከዚያ ያሳልፉዎታል።

የቤት ኪራዩንና የብርድ ልብሱን ነገር አያስቡ፤ ሁሉ ተዘጋጅቷል። እናቴ እጅዎን ትስማለች።

ዘርአ ዳዊት

—

አንኮበር፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘርአ ዳዊት፣

የሚያስተኛ እንጂ የሚያሳድድ ሌሊት አይስጥህ። ቪዛው ወጣ፣ ተመስገን። ጥምቀትን ውዬ፣ የቃና ዘገሊላውን ሚካኤል ሸኝቼ እነሳለሁ። የአልታየች ነገር ሆዴን በልቶታል። ይሁንና ደብዳቤህ ሳልመልስለት የሚታለፍ አይደለም።

ስንት ያዝክ ብልህ አንድም አልያዝኩም አልከኝ፤ ደግ፣ አልዋሸህም። ግን ስለምንፈትሽ አይመጡም ትለኛለህ። እኔም በሬ ላይ ነጭ ሽንኩርት ስለሰቀልኩ ነው አንበሳ አንኮበር ያልገባው! አንዱ ጫማው ውስጥ ደበቀ፣ ሕዝበ ዓለም ጫማውን አወለቀ። አንዱ በጠርሙስ አሰበ፣ የጠበል ጠርሙስ ተከለከለ። ነገ አንዱ በሱሪው ቢመጣ ምን ልታደርጉ ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ውሻስ ቢሆን የሚጮኸው ጅቡ በሄደበት በኩል ነው፤ የእናንተው ዞሮ በጎቹ ላይ ነው የሚጮኸው።

ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው ብለህ ደግሞ ትኮራብኛለህ። እስኪ የእኛን የሚካኤልን ዕቃ ቤት አስብ። ባለ ዕቃ ቤቱ አባ ገብረጻድቅ ስንት ዘመን ሙሉ የብር መስቀሉን፣ አክሊሉን፣ የወርቅ ጽዋውን በአንዲት መቋሚያ ይጠብቃሉ። እንግዳ ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ? ደብርህ የት ነው? የንስሐ አባትህ ማን ይባላሉ?» ይሉታል። ሰውየው ሲመልስ ዓይኑን ያያሉ። የተወላገደውን «ዛሬ አይከፈትም» ብለው ይሸኙታል። አልጋ ላይ የዋለችውን እማሆይ ግን ቀሚሷን ገልጠው አይበረብሩም! መንግሥት ጠላቱን በስሙ መጥራት ሲፈራ ሕዝቡን ሁሉ ጠላት ያደርጋል። ይኼ ፈሪነት ነው፤ እኩልነት እያላችሁ አታቆላምጡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «የሰው አደራ የለም በይ» ያልከኝን ሳነብ መነጽሬ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ዘርአ ዳዊት፣ ተረሳህ እንዴ? እዚህ አገር መንገደኛ የሰው አደራ አልይዝም ይላል? ሩቅ አገር ልትሄድ ነው ከተባለ ጀምሮ ደጄ ገበያ ሆኗል። ማስተዋል ለልጇ በርበሬ አምጥታለች። እሱባለው ለወንድሙ ቋንጣ፣ ጌታሰው የሰፋትን የበግ ለምድ ለእህቱ። ሻንጣውንም የከተትኩት እኔ አይደለሁም፤ ሴቶቹ ተሰብስበው እያለቀሱ፣ እየተሳሳቁ፣ አንዷ ስታስገባ አንዷ ስትጭን ነው የሞላው። የለም ልበል? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። አደራን የካደ ከአደራ በላ በምን ይሻላል?

ደግሞ ልሄድ ስል እቆርባለሁ። በቁርባን አፌ ልዋሽልህ?

መጣሁ በላት።

ብርሃነሽ

—

ስቶክሆልም፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ብርሃነሽ፣

ሰላምታዬን በአጭሩ ይቀበሉኝ፤ ይህን የሚያደርስልኝ ሰው ዛሬ ማታ ስለሚበር ነው።

«የማን ልጅ ነህ» ያሉትን አስቤበታለሁ። አባ ገብረጻድቅ እዚህ በር ላይ ቢቆሙ፣ መጀመሪያ «አንተ የማን ልጅ ነህ? አናውቅህም» ተብሎ የሚገፋው እኔ ነኝ። ሳልቀጠር በፊት ስንት ጊዜ ከሰልፍ መሀል ተነጥዬ እንደተፈተሽኩ ለእናቴም አልነገርኳትም። ስለዚህ እኩል የሚፈትሸውን ሕግ አይናቁብኝ፤ ለእኔ ዓይነቱ መጠለያው እሱ ነው።

ግን ክርክሩን ትቼ ልለምንዎ። እናቴ መብላት ትታለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። እርስዎ መስለዋት ነው። አንዲት ቃል ናት እትዬ፤ «የለም» ማለት ብቻ። ማንንም አይጎዳም። እዚያ በር ላይ የቆመው ሰው እውነቱን የሚፈልግ አይምሰልዎ፤ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጎ ሰልፉን ማሳለፍ ነው የሚፈልገው። እኔም እንደዚያው ነኝ። ኃጢአቱን በእኔ ላይ ያድርጉት።

ይድረሱልን።

ዘርአ ዳዊት

—

አንኮበር፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘርአ ዳዊት፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ለእናትህ ምሕረት ይውረድላት። አዎ፣ አንኮበር የሚለውን አይተህ ደንግጠሃል። ቤቴ ነኝ። በስልክ የነገሩህ ግማሹን ነው፤ ሌላውን ከእኔው ስማ።

ያ አውሮፕላን የሚቀየርበት አገር ደረስኩ። አገር ልበለው እንጂ ያየሁት መስታወትና ወለል ነው። ጫማ አወለቅኩ። ነጠላዬን አወለቅኩ። መቀነቴን ፍቺ አሉኝ፣ ፈታሁ። አንዲት ልጅ በሰው ፊት ጡቴ ሥር እጇን ሰደደች። በዚህ ዕድሜዬ! «እግዜር ይይልሽ» አልኳት፣ ፈገግ አለች። ይኼን ሁሉ ለአልታየች ብዬ ቻልኩት።

ከዚያ ያ በር። አንዱ ረጅም ሰውዬ ቆሟል፤ አስተርጓሚዋ በስልኩ ውስጥ ናት። ድምጿ ያገር ልጅ ነው፣ ጨዋ ናት።

«ሻንጣውን ማን ነው የከተተው እማማ?» አለችኝ።

«ጎረቤቱ» አልኳት።

«ጎረቤቱ ስንል…?»

«ሴቶቹ ናቸዋ! እኔ ለምን እከታለሁ?»

«እሺ እማማ። ሰው አድርሱልኝ ብሎ የሰጠዎት ነገር አለ?»

ያልከኝን አስታወስኩ። እውነቴን ነው፣ አስታወስኩ። የአልታየች ፊት መጣብኝ። ከፊቴ የነበረውን ጎረምሳ አየሁ፤ ቦሌ ላይ የማያውቀው ሰው ካርቶን ሲያሸክመው በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ። ተጠየቀ፣ «የለም» አለ፣ በመዳፋቸው ትከሻውን መታ መታ አድርገው አሳለፉት። እኔ ግን የቆረብኩበት አፍ ለውሸት አልከፈት አለኝ። «እንዴታ፣ ባዶ እጄን ልሂድ እንዴ?» አልኩና የማስተዋልን በርበሬ፣ የእሱባለውን ቋንጣ፣ ሁሉንም በየባለቤቱ ስም ዘረዘርኩላቸው። ልጂቱ «እማማ፣ እማማ፣ ቆይ» ትለኛለች። ሰውየው ግን ይጽፋል።

ለብቻ ክፍል አስገቡኝ። በርበሬው አስነጠሳቸው፣ ደግ አደረገ። ከዚያ ከአንገቴ ላይ ያችን እምነት የቋጠርኩባትን ጨርቅ አወጡ። «ይህ ምንድን ነው?» «ከቤተ ክርስቲያን የመጣ፣ ካህን የባረከው አመድ ነው፣ ለታመመች እህቴ ነው» አልኩ። ልጂቱ በደንብ ነገረቻቸው። «የታመመ ሰው በአመድ?» ብለው ተያዩ። ጓንት አደረጉ፣ አፋቸውን ሸፈኑ፣ አንዱ ወደ ውጭ ሮጠ። ከልጅነቴ ጀምሮ ግንባሬን የምቀባበትን እንደ መርዝ ሸሹት! ተናደድኩ። ፈሪዎች፣ ይኸው አልኩና በጣቴ ቆንጠር አድርጌ ምላሴ ላይ አደረግኩት። ሰው ሲታመም በውኃ በጥብጠን እንጠጣው የለም? ክፉ ቢሆን እቀምሰዋለሁ?

እነሱ ግን ጮኹ። መብራት ቦግ አለ፣ ሰው ተንጋጋ፣ እጄን ያዙኝ። ሐኪም አመጡ፣ አፌን አስከፈቱኝ፣ ደሜን ቀዱ። እኔ የሞትኩ መስሏቸው እነሱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ልንገርህ። ወንበር ላይ አድሬ፣ ውዬ፣ ደግሞ አድሬ፣ «ዱቄቱ እስኪመረመር ቪዛሽ ታግዷል» ብለው ወደ መጣሁበት መለሱኝ። እምነቱን «ወዴት ነበር የሚሄደው?» ሲሉኝ ያንተን አድራሻ የጻፍክባትን ወረቀት ሰጠኋቸው። ለእናቱ ነው፣ ቢያንስ እሱን ላኩላት ብዬ ለመንኩ። እኔ ብርሃነሽ፣ ለመንኳቸው።

ዘርአ ዳዊት፣ ይኼ ነው ጥበቃችሁ? ውሸታሙን አሳልፎ እውነተኛዋን የሚያስር? የእኛዎቹስ ሽሮዬን ፈትሸው ለቀቁኝ፤ ያንተዎቹ እህቴን ነው የወሰዱብኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ራሱ ከጅቡ ቀድሞ ሲበላ ግን አሁን አየሁ። ቪዛውን እንደገና ጠይቂ ይሉኛል። እጠይቃለሁ። አንተ ግን ለአልታየች ምን ብለህ ነገርካት?

ብርሃነሽ

—

ስቶክሆልም፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ብርሃነሽ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎ፤ እኔንም ያጽናኝ። በስልክ በሰሙት መርዶ እንደገና በጽሑፍ ማስለቀሴን ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ያልመለስኩት የጥያቄዎን መልስ ለመጻፍ አፍሬ ነው። ለእናቴ ምን አልካት ብለውኝ ነበር። «መንገድ ላይ ናት» አልኳት። ሁልጊዜ እንደዚያ እላት ነበር። «በረዶ ጥሎ አውሮፕላኑ ዘገየ» እላታለሁ፤ ነርሷ ስትስቅብኝ አያለሁ፣ ውጭው ፀሐይ ነውና። እናቴ ግን «ትመጣለች» ትለኝ ነበር። «ብርሃነሽ መጣሁ ብላ ቀርታ አታውቅም፤ ውሸት አታውቅበትም» አለችኝ። የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ሆነ።

በሞተች በሦስተኛው ቀን ፖስታ ቤት ዕቃ አለህ አሉኝ። በፕላስቲክ ታሽጎ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ የእርስዎ እምነት ነው። ከነጨርቁ። አብሮት አንድ ወረቀት አለ፤ «ናሙናው ተመርምሯል፤ ጉዳት የሌለው አመድ ነው» ይላል። ሌላ ቃል የለበትም። ይቅርታ የሚልም የለበትም። እየደጋገምኩ ጀርባውን ገለበጥኩት፣ ምናልባት እዚያ ይኖር ይሆን ብዬ።

ሬሳዋ ወደሚያድርበት ቤት ወሰድኩት። የእርስዎ እጅ መሆን ሲገባው በእኔ እጅ ግንባሯን ቀባኋት። ቀዝቃዛ ነበረች።

እኔ ይህን ሥራ እወደው ነበር እትዬ። የማወራውን አምን ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራ ገብቼ በር ላይ ቆምኩ። «የሰው አደራ ይዘዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ «የለም» ይሉኛል፤ አሳልፋለሁ። አንድ በአንድ ፊታቸውን እያየሁ፣ ይኼ ይዟል፣ ይቺም ይዛለች እላለሁ በልቤ። ሁላችንም እናውቃለን። አለቃዬም ያውቃል። ታዲያ ይኼ ሁሉ ሰው በየቀኑ እየዋሸልን ማንን ነው የምንጠብቀው?

እናቴን አንኮበር ላመጣት ነው፤ ወረቀቱ አልቋል። ዲያቆን ቃለ አብ አብሮኝ ይመጣል፤ እዚህ ያለን የኛው አገር ልጅ ነው። ዘመዶች ዕቃ እያመጡ «ለእነ እገሌ» ይሉኛል። ድሮ ሥራዬን ምክንያት አድርጌ አልቀበልም እል ስለነበር እንደ ባዳ ነበር የሚያዩኝ። አሁን እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሻንጣዬን ራሳቸው ከተቱት።

ከእምነቱ የተረፈውን ይዤው እመጣለሁ። ሲቀብሯት እርስዎ እንዲቀቧት ነው።

ዘርአ ዳዊት

—

መንገድ ላይ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ይህን በጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። ያ እርስዎ የነገሩኝ በር ነው። ቃለ አብ ተጠይቆ «የለም» ብሎ አልፏል፤ አሁን ይህን ደብዳቤ ሊቀበለኝ ተመልሶ መጥቶ እየጠበቀኝ ነው።

እኔንም ጠየቁኝ። በገዛ እጄ ስንት ሺህ ሰው የጠየቅኩትን ጥያቄ። የለም የሚለው አፌ ጫፍ ላይ ነበር፤ አውጥቼው ቢሆን አልፌ ነበር። ግን «የለም» ካልኩ እናቴ ስትጠብቅዎ መሞቷ የእርስዎ ጥፋት ይሆናል። ብርሃነሽ አንዲት ቃል ብትል ኖሮ ትደርስ ነበር፣ ይኸው የአልታየች ልጅ እንኳ «የለም» ብሎ አለፈ ይባላል። ያን ለእርስዎ አልተውም። «አዎ፣ ይዣለሁ» አልኩ። በየስሙ ዘረዘርኩላቸው።

እምነቱን አገኙት። የመረመሩትን ወረቀት ሰጠኋቸው። ራሳቸው ያሸጉት፣ ራሳቸው የላኩት ነው አልኳቸው። «ማኅተሙ ተከፍቷል፤ እንደገና ይመረመራል» አሉኝ። እኔ ራሴ የዚህ ሥራ ሰው መሆኔን ስነግራቸው ደግሞ የባሰ ጠረጠሩኝ፤ የሥራ ባጄን ወሰዱት። ዛሬ አልበርም። ምናልባት ወደ መጣሁበት ይመልሱኛል።

የእናቴ ሳጥን ተጭኗል። እሱን የጠየቀው የለም። እርስዎ ይቀበሏት።

ዘርአ ዳዊት

—

አንኮበር፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘርአ ዳዊት፣

ልጄ አልኩህ፤ ከእንግዲህ ሌላ እናት የለህምና። ሚካኤል ከዚያ ወንበር ላይ በሰላም አንስቶ ቤትህ እንዳስገባህ ቃለ አብ ነገረኝ። ሥራህንም እንደቀሙህ ሰማሁ። ደግ አደረጉ ልልህ ፈልጌ ነበር፤ ግን የቤት ኪራይ እንዳለብህ አስቤ ተውኩት።

እናትህን ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደን ተቀበልናት። ኬላው ላይ መኪናውን አስቆሙት። አንዱ ወታደር የኋላውን ከፈተ፣ ሳጥኑን አየ፣ ኮፍያውን አውልቆ «ነፍስ ይማር፣ እለፉ» አለ። ያ ሁሉ ዘመን ሽሮዬን ሲበረብሩ ኖረው፣ እንደ ሰው ያለፍኩት ከሬሳ ጋር ስመጣ ነው። ሰውየውን ግን አልረገምኩትም፤ ዓይኑ ውኃ አቅርሮ ነበር። የምንቀው እዚያ ያቆመውን ነው።

ሚካኤል ደጅ ቀበርናት። አባ ገብረጻድቅ ከዕቃ ቤቱ አዲስ እምነት አመጡልኝ። ሳጥኑን አስከፍቼ ቀባኋት። ግንባሯ ላይ ያንተ ጣት ያሳረፈው አመድ አልጠፋም ነበር፤ በላዩ ላይ አደረግኩት። አልቅሼ አላውቅም እንደዚያ።

ሰው ሁሉ እየመጣ «ልጇስ? ልጇ የት ቀረ?» ይለኛል። አንዳንዱ ቃለ አብን አይቶ «ይሄ እንኳ መጥቶ!» ይላል። ቃለ አብ አንገቱን ይደፋል። እኔ ግን በለቅሶው መሀል ተነሥቼ ቆምኩና፣ «ልጇ እውነት ተናግሮ ታስሯል» አልኳቸው። ከዚያ አባ ገብረጻድቅ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱና፣ «የማን ልጅ እንደሆነ አሁን ታወቀ» አሉ።

አንተ አባ ገብረጻድቅ ይገፉኛል ብለህ ነበር። እንግዲህ ስማ ምን እንዳሉ።

አርባዋ ከፋሲካ በኋላ ነው። ማስተዋል በርበሬዋን እንደገና ደልዛለች፤ «ሲመለስ ይዞልኝ ይሄዳል» ትላለች፤ ነገሩ አልገባትም፣ ወይ ገብቷታል። ለእኔ ምንም አታምጣ፣ ራስህን ብቻ አምጣልኝ። እዚያ ያሉት ዘመዶች ግን ዕቃ ከሰጡህ እምቢ አትበላቸው።

በሩ ላይ ደግሞ ቢጠይቁህ፣ መልሱ ያው ነው።

እናትህ ብርሃነሽ